ግድግዳ የያዘው አውቶቡስ

ሰውየው የተገኙት ከምሳ በኋላ ነው፤ በአውቶቡስ ዴፖው ጓሮ፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ፣ በድንጋይ ግድግዳውና በአንድ አሮጌ አውቶቡስ መካከል ተጣብቀው። አውቶቡሱ በዚያው ጠዋት ነው ቀለም የተቀባው። ቀለሙ ስላልደረቀ ኮታቸውና ግማሽ ፊታቸው አረንጓዴ ሆኗል። ስልካቸው እግራቸው ሥር ወድቋል።

እኔ ስደርስ የዴፖው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ቆሟል። አንድ የሚያለቅስ አጣሁ። ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ ማንም የማያለቅስለት ሬሳ ግን ዛሬም ይቀፈኛል።

"ማናቸው?" አልኩ።

"አዲሱ ናቸው" አሉኝ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው።

"አዲሱ ማን?"

"ስማቸው እንኳን አይደለም። አዲሱ ዋና ዳይሬክተር ማለቴ ነው። እኛ እዚህ ሁሉንም አዲሱ ነው የምንላቸው። ስማቸውን እስክንለምድ ይነሳሉ።"

ወይ ጉድ! ዋና ቢሮው እዚሁ ዴፖ ግቢ ውስጥ ያለው የከተማው የሕዝብ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ማለት እንዲህ ያለ ቤት ነው። አንዱ ተሹሞ ይመጣል፣ መጋረጃ ይቀይራል፣ አውቶቡሶቹን የራሱን ቀለም ይቀባል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ይሻራል። ቀጣዩ ይመጣና በላዩ ላይ ይቀባል። ሕዝቡ ግን ያው ፌርማታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከሚጠብቁት አንዷ እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አልፈርድም አልልም።

አብሮኝ የመጣው ሳጅን አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ወጣ። "የእጅ ፍሬኑ ተለቋል" አለ። "ሞተሩ የማይሠራ አሮጌ ነው። ቁልቁለቱ አናት ላይ በፍሬንና ጎማው ሥር በገባ ታኮ ነበር የቆመው። ፍሬኑ ከድቶ ተንከባሎ ይሆናል፤ አደጋ ነው መሰለኝ ኢንስፔክተር።"

"ታኮውስ?"

የእንጨት ታኮው ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ አውቶቡሱ መጀመሪያ የቆመበት ቦታ አለ። ጎማው አልረገጠውም፣ አልጎተተውም፤ ሰው አንስቶ ወደ ጎን አድርጎታል። ፍሬንና ታኮ በአንድ ቀን ተስማምተው አይከዱም። እሱን ልነግረው አፌን ስከፍት ግን ከዚያ የባሰ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ከታች፣ አውቶቡሱ ሰውየውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በቆመበት፣ ከፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ገብቷል። ከአበባ መደቡ ዳር የተነሳ፣ አንድ ጎኑ ኖራ የተቀባ ድንጋይ። ጥብቅ ተደርጎ፣ በወጉ፣ ጎማው ሥር።

"ይሄን ማን አስደገፈው?" ብዬ ጮህኩ። "ከናንተ ውስጥ ጎማው ሥር ድንጋይ ያደረገ አለ?"

ማንም አልነካም። ሬሳውን መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛ ጮኻ ሮጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ዘበኛው ማንንም አላስጠጉም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሰው ታኮውን አነሳ፣ ፍሬኑን ለቀቀ፣ ሰው ገደለ። ከዚያ ወርዶ፣ ድንጋይ ፈልጎ፣ አውቶቡሱ እንዳይንከባለል አስደገፈው። ግድግዳ የያዘውን አውቶቡስ! ሰው የያዘውን አውቶቡስ! ከእንግዲህ ወዴት ይሄዳል ብሎ ነው?

"እብድ ነው" አለ ሳጅኑ።

"እብድ ቢሆን ደስ ባለኝ" አልኩት።

ዘበኛውን ወደ ጎን ወሰድኳቸው። በምሳ ሰዓት ጋራዡ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ሁሉ በወዲያኛው በኩል ወዳለው መመገቢያ ይገባል፤ ጓሮው ጭር ይላል። አዲሱ ያንን ሰዓት ይወዱት ነበር አሉ። ብቻቸውን መጥተው ቀለሙን በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ። በሳምንቱ መጨረሻ አዲሶቹ ቀለማት ሊመረቁ ነበርና።

"በምሳ ሰዓት በበሩ የገባ ሰው ነበር?"

"ባዕድ ሰው አልገባም" አሉ ፈጠን ብለው።

ያን መልስ እንደ መልስ መቀበሌ ሦስት ቀን አስከፈለኝ።

* * *

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ ኮማንደሩ ጉዳዩን ዘግቶት ጠበቀኝ። እሱ እንዲህ ነው፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወንጀለኛ ይይዛል።

"ሰውየውን አስገብተነዋል" አለኝ። "ጥሩምባ የሚሉት ሹፌር ነው። ትናንት ሟች ከሥራ ሲያግዱት በሠራተኛው ሁሉ ፊት 'ጎማ ሥር ነው የማስገባህ' ብሏቸዋል። ምስክር እንደ አሸዋ ነው። በምሳ ሰዓት የት ነበርክ ስንለው ቤቴ ተኝቼ አለ። ብቻውን።"

"ድንጋዩስ?"

"የምን ድንጋይ?"

ነገርኩት። እጁን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወዛወዘ። "ሹፌር አይደል? ሹፌር ጎማ ያስደግፋል። ጭራሽ ያጠናክርልሻል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፣ ከላይ እየደወሉ ነው። እስከዚያ የምትጨምሪው ካለ ጨምሪ።"

የጥሩምባ ሚስት ትኬት ቆራጭ ናት። ከሥራ የወጣችበትን የደንብ ልብስ እንደለበሰች ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ስወጣ እጄን ያዘችኝ።

"እመቤቴ፣ እሱ አፉ ነው እንጂ እጁ ዶሮ አይነካም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው?"

ምን እላታለሁ? "እዚህ አትቁሚ፣ ብርድ ነው" አልኳት። እሷ ግን አልሄደችም። ከዚያ በኋላ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር እዚያው አያታለሁ፤ አንጀቴን በላችው።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ምክትል ዳይሬክተሩ ቤት ሄድን። እኚህ ሰው በመሥሪያ ቤቱ 'ተጠባባቂው' ነው የሚባሉት። አንዱ ተሽሮ ሌላው እስኪሾም ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ አዲስ ሰው ይመጣል፣ ቁልፉን ያስረክባሉ፣ ወደ ጠባቧ ቢሯቸው ይመለሳሉ። አራት ጊዜ። አሁን ለአምስተኛ ጊዜ ተጠባባቂ ሆነዋል። የመግደል ምክንያት ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የማንኳኳው የሳቸውን በር ነው፤ አንኳኳሁም።

ቤታቸው ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ነው፤ ከበሩ ፊት ያለው አስፋልት ተጠርጎ የጸዳ። የኛ መኪና የእጅ ፍሬን ከሞተ ቆይቷል። ሳጅኑ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ፣ አማትቦ ተዋት።

ተጠባባቂው እቤታቸው ውስጥ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ስልኩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አጥበው የሚያወጡ ሰው ናቸው።

"ትናንት ከጠዋት ጀምሮ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነበርኩ" አሉ። "ምሳም እዚያው ነው የበላሁት፣ ከአባላቱ ጋር። መርዶውን የሰማሁት እዚያ ነው።"

በኋላ አጣራሁ። እውነት ነው። ሃምሳ ሰው አይቷቸዋል።

እያወራን ባለቤታቸው ከገበያ ገባች። ደንደን ያለች፣ ፊቷ ፈካ ያለ፣ የኔ እኩያ ናት። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ሰላምታ፣ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ግብዣ።

"ምሳ ሳትቀምሱማ አትሄዱም! እንግዳ ሲመጣ እሱ ውሃ እንኳን አይሰጥም፤ አያችሁት? የውጭ ምግብ ደግሞ አይስማማውም። በየቀኑ ቢሮው ድረስ ምሳ የማደርስለት እኔ ነኝ። ትናንት ምክር ቤት ስለሆነ ብቻ እፎይ ብዬ ቤቴ ዋልኩ፤ ለካ ያን ቀን ነው ጉድ የሚወርደው!"

"ሻይ አምጪላቸው" አሏት ተጠባባቂው በቀስታ። ወደ ማድ ቤት ገባች።

እኔም ስለ ድንጋዩ የጠየቅኋቸው ያኔ ነው። የት እንደነበረ፣ እንዴት ጎማው ሥር እንደገባ፣ ኖራ የተቀባ ጎኑን ሳይቀር ነገርኳቸው። "እርስዎ በዚህ ሥራ ውስጥ ኖረዋል። እንዲህ የሚያደርግ ማን ነው?"

ከረቫታቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እንደገና አስተካከሉት።

"ሹፌሮች" አሉ። "ሁሉም ያደርጉታል። ልማድ ነው።"

ሻዩን ጠጥተን ወጣን። ሳጅኑ መኪናዋን አስነስቶ ወደ ኋላ ለቀቅ ሲያደርጋት አንድ ነገር ላይ ዘላ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ተላተመ።

"ምን ነካህ አንተ?"

"ድንጋይ ነው መሰለኝ ኢንስፔክተር።"

"እና ድንጋይ አይተህ አትነዳም? መንጃ ፈቃድህን በሎተሪ ነው ያገኘኸው?" ብዬ እስከ ጣቢያ ድረስ ስሰድበው ሄድኩ። ግንባሬ አብጦ ነበር፣ ምን ላድርግ።

* * *

ጥሩምባን ከእስር ክፍሉ አስወጥቼ አነጋገርኩት። ቅጽሉን ያገኘው በክላክሱ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በጉሮሮው ነው እላለሁ። እጁ በካቴና ታስሮ እንኳን ክፍሉን ሞላው።

"ብያለሁ! ጎማ ሥር አስገባሃለሁ ብያለሁ! አልክድም። ለምን መሰለሽ? ፍሬን የሌለው አውቶቡስ ይዤ አልወጣም ስላልኩ ነው ያገደኝ። ለምረቃው ቁጥር ይሞላ ብሎ! አሥራ ስምንት ዓመት ስነዳ ሰው አልገጨሁም፣ አሁን በእግሬ ሄጄ ልግጭ?"

"ድንጋዩንስ ለምን አስደገፍከው?"

"የምን ድንጋይ?"

"ጎማው ሥር ያደረግከውን። ሹፌሮች ሁሉ ያደርጉታል ተብያለሁ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። ከገዳይነቱ በላይ ይሄ አቃጠለው።

"ማን ነው ያለሽ? ሹፌር? ሹፌር ከመሪው ወርዶ ድንጋይ ሲለቅም አይተሽ ታውቂያለሽ? ገዳይ በይኝ፣ ግድ የለም፣ ፈጣሪ ያውቃል። ረዳት ግን አትበይኝ!"

"ረዳት?"

"ረዳት ነዋ! ድሮ፣ መኪናው ሁሉ ረዳት በነበረው ጊዜ፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ረዳቱ መኪናው ሳይቆም ይዘላል። ያገኘውን ድንጋይ አንስቶ ጎማው ሥር ይወሽቃል። ዳገት ይሁን ሜዳ አይጠይቅም፤ ካላደረገ ጥፊ አለ። ከልጅነቱ እንዲያ የለመደ ሰው እስኪሞት አይተወውም። እኛ ሹፌሮች ግን ጎማውን ወደ ዳር ጠምዘን ቁልፋችንን ይዘን ነው የምንሄደው። አሁን ታኮ የሚያደርጉት የጋራዥ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም በእንጨት ነው።"

"ምክትሉ ናቸው ሹፌሮች ያደርጉታል ያሉኝ።"

"እሳቸው ቢሮ ውስጥ ያደጉ፣ ምን ያውቃሉ?" አለና ተፋ።

እኔም እንደሱ አሰብኩ፤ የቢሮ ሰው ምን ያውቃል ብዬ አለፍኩት። ኤጭ! ሰው ሲዋሽና ሳያውቅ ሲቀር አንድ ዓይነት መልክ ነው ያለው።

* * *

እንግዲህ ረዳት የነበረ ሰው መፈለግ ነው። ሳጅኑ ሲዞር ውሎ ሁለት ወሬ ይዞ መጣ። አንደኛው፣ ሽማግሌው ዘበኛ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ሁለተኛው፣ ከአዲሱ በፊት የተሻሩት የቀድሞው ዳይሬክተር መኪና በዚያው ምሳ ሰዓት ዴፖው በር ላይ ታይታለች።

"ዘበኛው 'ባዕድ አልገባም' አላሉንም እንዴ?" አለ ሳጅኑ፤ ዓይኑ አበራ። "ሽማግሌው ሸፍነውላቸዋል! የቀድሞው አቀዱ፣ ዘበኛው ፈጸሙ። ቂም ነው!"

የቀድሞው ቤት ስንደርስ በቢጃማ ነው የተቀበሉን፣ በቀትር። ሳሎናቸው መሀል ላይ ግዙፍ ጥቁር የቆዳ ወንበር ተቀምጧል፣ የሚሽከረከር። በሶፋዎቹ መካከል ቦታ አጥቶ በር ዘግቷል። እሳቸውም ሄደው እሱ ላይ ተቀመጡ።

"አዎ፣ ሄጃለሁ" አሉ። "ወንበሬን ላመጣ። ለወገቤ ብዬ በራሴ ገንዘብ ያስመጣሁት ነው! ያ ሰውዬ ተቀምጦበት ይሽከረከራል? ጸሐፊዋ በጓዳ በር አስወጣችልኝ፣ ሁለት ተሸካሚዎች ይዤ ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ያ ሽማግሌ የመውጫ ወረቀት ካላመጡ አይወጣም ብሎ ገተረኝ። እኔን! ትናንት ሰላምታ የሚሰጠኝን! ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ጩኸት እስኪሰማ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።"

ተሸካሚዎቹን አገኘናቸው። አንደኛው እየሳቀ መሰከረ፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች ወንበሩን አንዱ በአንድ ክንድ፣ አንዱ በሌላው ይዘው ሲጓተቱ ነበር። ስለዚህ ዘበኛው የቀድሞውን፣ የቀድሞው ዘበኛውን ነጻ አወጡ። ሳጅኑ ደብተሩን አውጥቶ ሁለቱንም ሰረዛቸው።

እኔም የጨነቀኝ ያኔ ነው። እሑድ ከሰዓት ሆኗል። በማግስቱ ጥሩምባ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አንዴ ክስ ከተከፈተበት ኮማንደሩ ወደ ኋላ እንደማያይ አውቃለሁ። ሚስቱ ደግሞ ዛሬም ጣቢያው በር ላይ አለች።

* * *

ወደ ዴፖው ተመለስን። ዘበኛው ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። "የቀድሞው መግባታቸውን ለምን ደበቁኝ?"

"አልደበቅሁም ልጄ! ባዕድ ገባ ወይ ብለሽ መሰለኝ። እሳቸው ባዕድ ናቸው? እዚሁ አይደል የኖሩት?"

 እንዴ! ጥያቄዬን እኔና እሳቸው በተለያየ መንገድ ነበር ስንሰማው የከረምነው።

"እሺ። ባዕድ ያልሆነስ ማን ገባ? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።"

ጣታቸውን እያጠፉ ጀመሩ። "ጋዜጣ የሚያመጣው። የቀለሙ ነጋዴ፤ እሱ እንኳን ወዲያው ወጣ። ከዚያ የምክትሉ ባለቤት፣ ምሳ ዕቃቸውን ይዘው። ከወንበሩ ጋር ስንጓተት በአጠገባችን አልፈው ሲገቡ 'ኧረ ተስማሙ' ብለውን አለፉ። ከዚያ..."

"ይቆዩ። የምክትሉ ባለቤት?"

"እሳቸው እኮ የቤት ሰው ናቸው። በየቀኑ ነው የሚመጡት።"

"የዚያን ቀን ምክትሉ እዚህ ነበሩ?"

"ኧረ አልነበሩም፤ ምክር ቤት..." አሉና አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

ከሳጅኑ ጋር ተያየን። ያቺ ሴት እኔ ሳልጠይቃት፣ በራሷ አንደበት፣ 'እፎይ ብዬ ቤቴ ዋልኩ' ብላኛለች።

"ቢሆንም ረዳት መሆን አለበት ብለናል" አለ ሳጅኑ መኪናው ውስጥ። "እሷ የቤት እመቤት ናት። ሴት ረዳት ደግሞ የት ታይቶ ይታወቃል?"

 ግንባሬን እየነካሁ ነበር። እብጠቱ ገና አልጠፋም።

"ሳጅን፣ ትናንት እነሱ ቤት ስንደርስ ከበሩ ፊት አስፋልቱ ላይ ድንጋይ አይተህ ነበር?"

"አላየሁም። ጥርግ ያለ ነበር። ለዚያ እኮ ነው..."

"ስንወጣ ግን ጎማችን ሥር ነበረ። እኛ ከገባን በኋላ በመኪናችን አጠገብ ያለፈ ሰው ማን ነው?"

ሳጅኑ መሪውን እንደያዘ ቀረ። የገበያ ዘንቢል የያዘች ሴት፣ አቀበት ላይ የቆመ መኪና አይታ ድንጋይ ስታስደግፍ። እስኪ ማን ይጠረጥራል?

ሬዲዮኑ በዚያች ሰዓት ዜና ያነብ ነበር። የከተማው ምክር ቤት በአስቸኳይ ስብሰባው ለሕዝብ ትራንስፖርት ባለሥልጣን አዲስ ዋና ዳይሬክተር ሾመ። ስሙን ሲጠራ ሳጅኑ "ወይኔ" አለ። ተጠባባቂው ናቸው።

* * *

ቤቱ በእንኳን ደስ አላችሁ ባይ ሞልቷል። ከምክር ቤቱ፣ ከመሥሪያ ቤቱ፣ ከጎረቤት። ተጠባባቂው መሀል ቆመው እጅ ይጨብጣሉ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ጥርስ እንዳላቸው እንኳን አላውቅም ነበር።

ሴትየዋን ማድ ቤት አገኘኋት። ብርጭቆ እያጠበች ነው። ፊቴን አየችና ቧንቧውን ዘጋችው። ሳጅኑን በሩ ላይ አቆምኩት።

"የዚያን ቀን ምሳ ዕቃ ይዘሽ ዴፖው ገብተሻል" አልኳት። "ባልሽ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ለማን ነበር?"

ለመዋሸት ያሰበች መሰለኝ። ከዚያ ደከማት። የእውነት ደከማት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ለሰውየው" አለች። "ባዶ እጄን ምን ብዬ ልለምን? ሰው ሲበላ ልቡ ይራራል ብዬ ነው።"

"ምን ልትለምኚው?"

"ባሌን ጡረታ ሊያወጣው ነበር። አራት ጊዜ ወንበር አሙቆ ለሰው የለቀቀ ሰው፣ በመጨረሻ ጡረታ! ከእኔ ጋር ማውራት ትቷል፣ እህቴ። ሲመሽ ልብሱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። እንዳይሞትብኝ ፈራሁ። ሄድኩ። ጓሮ ቆሞ ፎቶ ያነሳል። የምክትልህ ሚስት ነኝ አልኩት። 'የትኛው ምክትል?' አለኝ።" ድምጿ ተሰበረ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ እኮ ሪፖርት ሲያቀርብለት የነበረ ሰው ነው! ስሙን ነገርኩት። 'ውይ፣ እሳቸው ገና አሉ እንዴ?' ብሎ ሳቀ። ምሳ ዕቃውን ዘረጋሁለት፣ 'ከቀለሙ ራቅ በይ' አለኝ። ከዚያ አውቶቡሱ በሙሉ ፎቶው ውስጥ እንዲገባለት ወደ ኋላ እየሄደ፣ እየሄደ ግድግዳው ጋ ደረሰ።"

"አንቺም ታኮውን አነሳሽ።"

"አነሳሁ። ወጥቼ ፍሬኑን ለቀቅሁት። አባቴ የጭነት መኪና ነበረው፤ ወንድ ልጅ አልወለደም፣ እኔን ነው ይዞኝ የሚዞረው። እስክዳር ድረስ ረዳቱ ነበርኩ። የእጅ ፍሬን መልቀቅ አይጠፋኝም።" እጆቿን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "መጮህ እንኳን አልቻለም። እኔም ወርጄ ወጣሁ።"

"ወርደሽ ወጣሽ ብቻ? ድንጋዩስ?"

"የቱ ድንጋይ?"

"ጎማው ሥር ያስደገፍሽው። ኖራ የተቀባው።"

"እኔ?" አለች። አየኋት፤ አልዋሸችም። እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። "እኔ ድንጋይ አደረግሁ?"

"ትናንት ለኛም መኪና አድርገሻል።"

እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ከተተቻቸው። ከሳሎን ሳቅ ይሰማል።

"እሱ ሁልጊዜ ይስቅብኛል" አለች በመጨረሻ። "የቆመ መኪና ባየሁ ቁጥር ድንጋይ እፈልጋለሁ ይላል፤ እኔ አይታወቀኝም። ሠላሳ ዓመት ሲስቅብኝ ኖረ..." ቀና አለች። "ስለ ድንጋዩ እሱን ጠይቀሽው ነበር?"

ምላሴን ልነክስ ስል ዘገየሁ። "ጠይቄያቸዋለሁ። ትናንት፣ አንቺ ሻይ ልታመጪ ስትገቢ።"

"ምን አለሽ?"

"ሹፌሮች ናቸው አሉኝ።"

ተጠባባቂው በሩ ላይ ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየሁም፤ ሳጅኑ አሳልፏቸዋል፣ በገዛ ቤታቸው ምን ይበል። ስልካቸው እጃቸው ላይ ይጮሃል፣ አያነሱትም።

"ታውቅ ነበር?" አለችው።

መሬት መሬቱን አዩ። "ድንጋዩን ሲነግሩኝ አወቅሁ።"

"ከትናንት ጀምሮ? ያ ሹፌር ታስሮ ሳለ?"

"ሹመቱ እስኪጸድቅ ብዬ ነው" አሉ፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ልማዳቸው አጥበው። "አንድ ቀን ነበር የቀረው። ከጸደቀ በኋላ አንድ ነገር አደርግ ነበር። ለሹፌሩም ጠበቃ አቆም ነበር።"

"ለኔስ?" አለችው። "አንድ ቃል? 'አውቄያለሁ፣ አይዞሽ' ማለት? አጠገቤ ተኝተህ?"

 ወደ እኔ ዞሩ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ወደ እኔ ዞሩና "ኢንስፔክተር፣ ነገ ርክክብ አለብኝ" አሉኝ።

 "ነገ ጠዋት እኔ ቢሮ ነው የሚገቡት፣ የውሸት ቃልዎን ሊያስረክቡ!" አልኳቸው። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

እሷ ከዚያ በኋላ አላየቻቸውም። ሽርጧን ፈታ ወንበሩ ላይ አደረገችና እጇን ዘረጋችልኝ። ካቴና አላወጣሁም።

"ሹፌሩ ሚስት አለችው ብለዋል በሬዲዮ" አለችኝ። "የት ናት?"

"ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ከታሰረ ጀምሮ።"

"ደውይላት። አሁን፣ እኔ እየሰማሁ።"

ደንቡ አይፈቅድም። ጣቢያው ደወልኩ፤ ተረኛው ስልኩን በር ድረስ ወስዶ አቀበላት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን በመሀላችን ያዝኩት። "ባልሽ ነጻ ነው" አልኳት። "ዛሬ ይዘሽው ትገቢያለሽ።"

 የሹፌሩ ሚስት ጮኸች፤ የደስታ ጩኸት፣ ማድ ቤቱን ሞልቶ ወደ ሳሎን የሚዘልቅ። እንግዶቹም ሌላ የምሥራች የመጣ መስሏቸው አጨበጨቡ።